ከመጨረሻው ወደ ላይ

ሰባት ውድድር ነበር፣ የአምስቱ ውጤት አለ፤
የሦስተኛው ጠፍቷል፣ ስድስተኛው ተቃጠለ።
ስድስተኛውን ተውኩት፣ አመድ አይነበብም፤
ሦስተኛው ግን ጠፋ እንጂ፣ ሞቷል አልተባለም።

በጥቅምት መጨረሻ፣ በስልሳ ስድስት ዓመት፣
ከፒያሳ አዘዞ ደርሶ መልስ በብስክሌት፣
የአውቶፓርኮ ልጆች ዘጠኝ ሆነው የጋለቡት።

መዝጋቢው ጓንጉል ነበር። ሚስቱ ሳቅ ብለው ነገሩኝ፤
«ደብተሩን? እሱ ሲሞት ለባለሱቅ በኪሎ ሸጥኩት» አሉኝ።
ገጽ በገጽ ተቀድዶ ቅዳሜ ገበያ ወጣ፣
ሩብ ሩብ ስኳር አዝሎ በየደጁ ገባ።
አንደኛ የወጣው ስም
በማን ብርጭቆ ሟሟ? ማን ሳያውቅ ጠጣ?

ማዘጋጃ ቤት ወረድኩ፤ መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት፣
ክረምት የገባበት፣ አይጥ የወለደበት።
አቶ ሙጨ፣ መነጽሩ በክር የታሰረ፣
«የቄራ ደረሰኝ አለ፣ የውሻ ፈቃድም ነበረ፤
የብስክሌት ታርጋ ግብር፣ እሱም እስከ ስልሳ አራት።
ሩጫ ግን ግብር የለው፣ ማን ብሎ ይጻፋት?»

ከዚያ ሰው ፍለጋ።
አንለይ ልብስ ስፌቱ ቤት፣ እግሩ ፔዳሉ ላይ፣
«አንደኛ እኔ ነኝ» አለኝ፣ ቀና ብሎም ሳያይ።
ኑርሁሴን አዲስ ዓለም፣ ከመስጊዱ ጀርባ፣
«እኔ ነኝ እንጂ!» አለና ፎቶ ሊያመጣ ገባ፤
ፎቶው ላይ አንድ ጎማ፣ ግማሽ ፍየል አለ፤
የነጂው ፊት ግን በብርሃን ኮበለለ።
የሟቹ የይርዳው እኅት ልደታ ወሰደችኝ፣
ከመቃብሩ ራስጌ በጣቷ አስነበበችኝ።
«አንደኛ» ይላል።
ድንጋይ እንዴት ይሞገታል?

ሦስት አንደኛ ይዤ ስንከራተት ከርሜ፣
ዳኘውን አገኘሁት።
ጎማ ይለጥፋል፣ ከአንገረብ ድልድይ ማዶ፤
«እኔ መጨረሻ ነበርኩ» አለኝ፣ ከመነዳሪ በምላጭ ቀዶ።

እጄ ቆመ።
እስከዚያች ቀን ያናገርኩት ሁሉ
ስለራሱ ሲያወራ አንገቱ ይረዝም ነበር፤
ይኼ ሰው ጎማውን ውኃ ውስጥ ነክሮ
አረፋ ይፈልጋል።
ለመጨረሻ ቦታ ማን በሐሰት ይምላል?

«ዘጠነኛ ነኝ፤ ስለዚህ ሁሉንም አይቻለሁ፤
የቀደመ መንገድ ያያል፣ እኔ ጀርባ አውቃለሁ።
ስምንተኛው አዱኛ፣ ሸሚዙ በጥቁር ክር የተጣፈ፤
ሰባተኛው ሙሐባው፣ ሰንሰለቱ ወልቆ፣ መልሶ፣ እየተሳደበ ያለፈ፤
ስድስተኛው እንግዳው፣ የወንድሙን ቁምጣ በሲባጎ ያሰረ፤
አምስተኛው ኑርሁሴን፣ አትንገረው፣
ኮርቻው ሲጥ ሲጥ የሚል ነበረ።
አራቱ ከባሕር ዛፉ ጥምዝ ወዲያ አቧራ ሆኑ።
አቧራ ደግሞ ደረጃ የለውም።»

ከሦስት ዓመት በኋላ ጦርነት ሆነ።
ስምንተኛውና ስድስተኛው በኦራል ተጫኑ፣
ወደ ምሥራቅ፣ ጀርባቸውን ለከተማው ሰጥተው።
ዳኘው ይህንንም ያየው ከኋላ ነው፤
ተረከዝህ ጠማማ ነው ብለው ከሰልፍ አወጡት።
እዚያም የመጨረሻ ሆነ፤
ቀረ።

ማታ ወረቀት አሰመርኩ፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ፤
ከግርጌ ጀምሬ ወደ ላይ ጻፍኩ፣
ዳገት እንደሚወጣ ሰው።
አራተኛው ላይ እርሳሴ ደከመ።
አንደኛነትን ሦስት ሰው ይፈልገዋል፤
ሁለተኛነትን ማንም።
ባዶውን ባዶ አልኩት።

በማግስቱ ድልድዩን ተሻግሬ ሰጠሁት።
እጁን በሱሪው ጠረገ፣
ወረቀቱን ራቅ አድርጎ ያዘ፣
ከላይ ያሉትን አራት ባዶ መስመሮች ዝም ብሎ አለፈ፣
ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ታች ደረሰ።

«የአባቴን ስም ረስተሃል» አለኝ።

እዚያው ጎማው ላይ አስደግፌ ጨመርኩት።
ዘጠነኛ፣ ዳኘው ወንዳፍራሽ።